ስድስት ሜትር የሚል መስመር

«መስመሩ የፈለገበት ይረፍ፤ ቁጥሩ ብቻ ስድስት ይበልልኝ።»

ኢስራ ይህን የሰማችው ፕላን በምትሥልበት ቢሮ ውስጥ፣ ከኮምፔርሳቶው ግድግዳ ማዶ ነው። የማን ድምፅ እንደሆነ ለማወቅ ማሰብ አላስፈለጋትም፤ ታላቅ ወንድሟ ጁነይድ ነው። ከኮምቦልቻ እንደሚመጣ ትናንት በስልክ ሲያወሩ እንኳ አላነሳላትም። ያን ቀን ጠዋት እሷ ከቀያሾቹ ጋር ወደ ደሴ ዙሪያ እንደምትወጣ ያውቃል። የማያውቀው የቢሮው ፒክአፕ አልነሳ ብሎ ጉዞው መቅረቱን ነው። ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ደርቀው ቀሩ። አለቃዋ ኢንጂነር ብሩ፣ «እሱ ምን ችግር አለው! ኮምፒውተር እኮ የጻፍክበትን ነው የሚያሳይህ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለተማሪ እንደሚያስረዳ ሰው ቀጠለ። ሽማግሌዎቹ የሚያነቡት ቁጥሩን ነው፤ ቀያሹ ችካል የሚተክለው ግን በመስመሩ ነው፤ የድንበሩ ግንብ አንዴ ከቆመ በኋላ ሜትር ይዞ የሚዞር የለም። «እናትህስ?» ሲል ጠየቀ በመጨረሻ። «እማን ለኔ ተዋት» አለ ጁነይድ። ወንበር ተንፏቀቀ፤ ጫማ ደረጃውን እያንኳኳ ወረደ።

ነገሩ ሆጤ ሰፈር ያለው የአባታቸው ቤት ነው። ቤቱ የጭቃ ነው፤ ቆርቆሮው ዝጎ ክረምት ክረምት በሦስት ቦታ ያፈሳል። ግን ከአስፋልት ዳር ነው፤ ደሴ ውስጥ አስፋልት ዳር ያለ መሬት ደግሞ ጭቃም ቢሆን ወርቅ ሆኗል። አባታቸው ከሞቱ በኋላ ሽማግሌዎች ተቀምጠው በሸሪዓው መሠረት ከፈሉት፤ ለሚስት ስምንተኛው፣ ከቀረው ለወንድ ልጅ ሁለት እጅ፣ ለሴት ልጅ አንድ እጅ። አላህ ያዘዘውን ማንም አልተከራከረም፤ ኢስራም አልተከራከረችም። የእናቷ የረሂማና የእሷ ድርሻ አንድ ላይ ተደምሮ በመንገዱ በኩል ስድስት ሜትር ሆነ። በዚያ ስድስት ሜትር ውስጥ የእናቷ መኝታ ቤትና አባቷ በሕይወት ሳሉ ጨውና በርበሬ ይቸረችሩበት የነበረው ክፍል አለ። ኢስራ ያንን ክፍል ለራሷ አስባዋለች። አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር አስገብታ፣ በር ላይ «ፕላን ይሠራል» የሚል ሰሌዳ ሰቅላ፣ ከማንም ሥር ሳትሆን ልትሠራ። ቤቱን ጎንበስ ቀና ብላ የለካችው እሷ ራሷ ናት፤ ፕላኑንም የሣለችው እሷ ናት። ቀሪው፣ ሰፊው ክፍል የጁነይድ ነው። ጁነይድ ኮምቦልቻ ውስጥ ብረትና ሲሚንቶ ይነግዳል፤ እዚህ ደግሞ ባለ ሦስት ፎቅ ሊያቆም አስቧል፤ ከሥሩ ሦስት ሱቅ። ሦስቱ ሱቆች በእሱ ድርሻ ላይ ጠበው እንደሚታዩት ኢስራ ታውቃለች። ያማርር ነበር። ማማረሩ ግን እስከዚህ ያደርሰዋል ብላ አልጠረጠረችም።

ብሩ ኮምፔርሳቶውን ዞሮ ሲመጣ እዚያው ተቀምጣ አያት። ፊቱ ትንሽ ተለወጠ፤ ወዲያው ግን አስተካከለው።

«አልወጣሽም እንዴ?»

«መኪናው ተበላሸ።»

«ጥሩ፤ እንደውም ፈልጌሽ ነበር። የእናንተን ፕላን ክፈቺው። ትንሽ የምትስተካከል ነገር አለች።»

«ሰምቻለሁ ኢንጂነር።»

ብሩ መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ጫፍ ጠረገው። ጥፋተኛ የመሰለ ሰው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ታዝንለት ነበር። እሱ ግን የተሰላቸ ነበር የሚመስለው። «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አላት። «እናትሽ ይስማማሉ። ወንድምሽ ይስማማል። እኔ ምን አገባኝ?»

«እኔስ? እኔ ቤተሰብ አይደለሁም?»

«አንቺ ነገ ታገቢያለሽ» አለ ብሩ፤ ይህን ሲል እንኳ ክፋት አልነበረበትም፤ የአየር ሁኔታ የሚናገር ነበር የሚመስለው። «ስሚኝ ኢስራ። የሦስት ፎቁን ዲዛይንም ቁጥጥርም ለኛ ነው የሚሰጠን። ያንቺ ደሞዝ ከየት የሚመጣ ይመስልሻል? በይ፣ ተነሽልኝ።»

ከወንበሯ አስነስቶ ራሱ ተቀመጠ። እሷ ከኋላው ቆማ አየችው። ብሩ ኮምፒውተር ላይ እጁ አይፈጥንም፤ በአንድ ጣት ነው የሚፈልገው። የግንቡን መስመር ያዘና ወደ እናቷ ወገን ጎተተው። ይህ ፕሮግራም ሐሰት አያውቅም። የመስመሩን ሁለት ጫፍ ስትነኪለት ከዚህ እስከዚያ ቀስት አውጥቶ ርዝመቱን ራሱ ለክቶ መሃል ላይ ያስቀምጥልሻል፤ መስመሩን ስትገፊው ቁጥሩም አብሮ ይሄዳል። አሁንም መስመሩ ሲሄድ ቁጥሩ አብሮት ሄደ፤ ስድስት የነበረው 4.50 ሆኖ ቁጭ አለ። ለአፍታ እውነቱ ስክሪኑ ላይ በራ። ከዚያ ብሩ ቁጥሩን ሁለቴ ነካና በላዩ ላይ 6.00 ብሎ ጻፈበት። መስመሩ ካለበት አልተነሳም። ቁጥሩ ብቻ ዋሸ። ከጎን ያለችው ቀስት፣ ሁለቱን ጫፍ የምትነካው፣ ምንም እንዳልተደረገ ሁሉ ያንን ቁጥር ተሸክማ ቆመች። ኢስራ እናቷን ሰው በአደባባይ በጥፊ ሲመታት ያየች መሰላት። ብሩ እንዲታተም አዝዞ ሲነሳ፣ «ተቀመጪ እንግዲህ» አላት። እሷ ሻርፗን ከወንበሩ መደገፊያ ላይ አንስታ ወጣች። ማተሚያው አጠገብ የተቀመጠችው ጸሐፊዋ ወርቅነሽ፣ «ለምሳ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። «ነው» አለች ኢስራ። ሌላ ቃል ብትጨምር ትጮህ ነበር።

ከፒያሳ ሆጤ በባጃጅ ሄደች። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሸፍኖታል፤ ባጃጁ መብራቱን በቀን አብርቶ ነው የሚሄደው። አጠገቧ የተቀመጡ ሴትዮ ሽንኩርት ኪሎው አሥራ ሁለት ብር ገባ ብለው ይረግማሉ፤ ስኳርማ ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፈው ባዶ እጃቸውን ነው የተመለሱት። ኢስራ «እህ» እያለች ስትሰማቸው ሐሳቧ አንድ ነገር ላይ ነበር፤ ገና እንደገባች ለእናቷ ትነግራታለች፤ እናቷ ትቆጣለች፤ ከአስር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ለፊርማ ሲመጡ ሁለቱ አንድ ላይ ይቆማሉ። ይህን ስታስብ ንዴቷ ውስጥ አንዳች ጥንካሬ ይሰማት ነበር።

ቤት ስትደርስ ግን የጁነይድ ጫማ ደጃፉ ላይ ነው። እሱ ሳሎኑ ውስጥ፣ አባታቸው ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ላይ ተደላድሎ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ይበላል። ረሂማ ሥጋ ወጥ ሠርታለታለች። ከሥጋ ቤት ግማሽ ኪሎ ለማምጣት እናቷ ምን ያህል እንደምታስብ ኢስራ ታውቃለች፤ ለእሷና ለራሷ ሳምንቱን በሽሮ ነው የሚያልፉት። «መጣሽ?» አላት ጁነይድ ቀና ብሎ፤ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ለምን በዚህ ሰዓት እንደመጣች ሲገባው ፈገግታው ቀስ ብሎ ከፊቱ ወረደ። «ዛሬ ገጠር አልሄድሽም?» «አልሄድኩም።» በሰሌን የተሸፈነው ግድግዳ፣ የአባታቸው ትልቁ ሬዲዮ፣ ከመካ የመጣው ምንጣፍ፣ ሁሉም እንደ ወትሮው ነው። ረሂማ ቆማ ትመለከታቸዋለች፤ አንዴ ወንድ ልጇን፣ አንዴ ሴት ልጇን። «ብይ እንጂ ልጄ» አለቻት። ኢስራ እጇን ታጥባ ተቀመጠች፤ አንድ ጉርሻ አነሳች፤ መልሳ አኖረችው። ጁነይድ የኮምቦልቻን ሙቀት አነሳ፤ የሲሚንቶን ዋጋ አነሳ፤ ልጆቹ ጉንፋን ይዟቸው እንደነበር ተናገረ። ረሂማ የየልጁን ስም እየጠራች «አፊያ ያድርግልኝ» አለች።

እናቷ ሳህኑን ይዛ ወደ ማድ ቤት ስትገባ ተከትላት ገባች። በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

«እማ፣ ጁነይድ ፕላኑን አስለወጠው። ያንቺንና የኔን ቆርጦ ወሰደው። ቁጥሩ ስድስት ይላል፤ መስመሩ ግን ስድስት አይደለም። በአይኔ ነው ያየሁት።»

ረሂማ ሳህኑን ውሃ ውስጥ ነከረች። ጀርባዋን ሰጥታታለች። «አውቃለሁ» አለች።

«ምን?»

«አውቃለሁ አልኩሽ። ነግሮኛል።» ድምጿ ቀጭንና የደከመ ነበር። «ወንድምሽ ነው። መሬቱ ለሌላ አልሄደም። ልጆች አሉት። አንቺ ዛሬ ነገ ሰው ቤት ትሄጃለሽ፤ እኔን የሚቀብረኝ እሱ ነው። ለሰው ፊት አታውጪው፤ በአላህ።»

ኢስራ ከብሩ ቢሮ ጀምሮ ተሸክማው የመጣችው ንዴት ሁሉ ዞሮ እናቷ ጀርባ ላይ አረፈ፤ በዚያ በሳሳ ቀሚስ፣ ጉልበቷን በሚያማት ሴትዮ ላይ። ይህ ደግሞ ራሷን የባሰ አናደዳት። አንድ ሰው ሲሰርቅሽ አንድ ነገር ነው፤ የተሰረቀችው በሩን ከፍታ ይዛ ስትጠብቀው ሌላ ነው። ከማድ ቤቱ ወጥታ ግቢው ውስጥ፣ የልብስ ማድረቂያው ገመድ ሥር ቆመች። እንደተናደደች እዚያው የአስር አዛን ተሰማ።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ሁለት ነበሩ። አንደኛው የሰፈሩ አዛውንት ሸህ ጀማሉዲን ናቸው፤ ሌላው የአባቷ ታናሽ ወንድም በሺር። ሰላምታው ረጅም ነበር፤ የጤና፣ የልጆች፣ የዝናቡ፣ የሟቹ። ረሂማ ሻይ አቀረበች፤ ስኳሩ እንዳነሰ ይቅርታ ጠየቀች። ጁነይድ ብሩ ከምሳ በኋላ ከላከለት የካርቶን ቱቦ ውስጥ ፕላኑን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ ጠርዙ እየተጠቀለለ ሲያስቸግረው የሻይ ብርጭቆ አስቀመጡበት። በብሩ ቢሮ ማኅተም አምሮ ታትሟል። በሺር ጎንበስ ብሎ፣ ጣቱን ቁጥሩ ላይ አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበ፤ «ስድስት ሜትር። ይኸው፣ እንዳልነው ነው። አልሐምዱሊላህ።» ጁነይድ ብዕር አውጥቶ ሰጠው። በሺር ፈረመ። ጁነይድ ፈረመ። ረሂማ መጻፍ ስለማትችል አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አሳረፈች። ብዕሩ ወደ ኢስራ መጣ። ወራሽ ናት፤ ያለ እሷ ፊርማ ማዘጋጃ ቤት ወረቀቱን አይቀበልም።

«ፈርሚ ልጄ» አለች ረሂማ፤ አይኗን ከወለሉ ሳታነሳ።

ኢስራ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለች። ቁጥሩን በአንድ ጭረት ሰረዘችው። ከሥሩ፣ በራሷ የእጅ ጽሑፍ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው መጠን 4.50 ብላ ጻፈች። ከዚያ ከጎኑ ፈረመች። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ምን አደረግሽ?» አለ ጁነይድ።

«ፈረምኩ። ልትወስደው ከሆነ በቁጥሩ ውሰደው። ሸህ፣ ይህ መስመር ስድስት ሜትር አይደለም። አራት ሜትር ተኩል ነው። ስድስት የሚለው ከላይ የተጻፈበት ነው እንጂ የመስመሩ አይደለም። ካላመኑኝ ሜትር ይምጣ፤ ከዚህ ፕላን ላይ እንኳ የጁነይድን ወገንና የኛን ወገን በማስመሪያ አስተያይተው ይዩት።»

«አብዳለች» አለ ጁነይድ ተነስቶ ቆሞ። ፊቱ ቀላ። «የኮሌጅ ክፍያሽን ማን ከፈለ? ይህን መስመር ማስመር ማን አስተማረሽ? እኔ ነኝ፤ በሲሚንቶ አቧራ ሳንባዬን ጨርሼ! አሁን በኔ ላይ!»

«ከፍለህልኛል» አለች ኢስራ። «ሁሌም ለሰው እነግርልሃለሁ። ግን የኔን ብትወስድ እንኳ ዝም እል ይሆናል። የእማን የምትወስደው ምን በድላህ ነው?»

ሸህ ጀማሉዲን መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው ለረጅም ጊዜ አዩት። ማስመሪያ አልጠየቁም፤ ሜትር አልጠየቁም። ቀና ብለው ጁነይድን ተመለከቱት። «ልጄ» አሉ፣ «የትኛው ነው?»

«ሸህ፣ ወረቀት እኮ ነው፤ ትንሽ…»

«የትኛው ነው አልኩህ?»

ጁነይድ እናቱን አየ። ሸሁ ወደ ረሂማ ዞሩ። «ረሂማ፣ ልጅሽ የምትለው እውነት ነው?» ረሂማ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለችው፤ ፈታችው። ከአፏ የወጣው፣ «ልጆቼ አይዋሹም» የሚል ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የትኛውን እንደምትል ጠበቀ። አልጨመረችም። ሸህ ጀማሉዲን መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። «እኔ ለቀብር የቀረብኩ ሰው ነኝ፤ በዚህ ላይ ጣቴን አላሳርፍም» አሉ። ከዚያ ወደ ኢስራ ዞረው፣ ይህን አልጠበቀችም፣ «አንቺም ጠዋት ወደ እኔ ብትመጪ ኖሮ በሦስታችን መሃል ያልቅ ነበር። የቤትሽን ገመና ጠረጴዛ ላይ አወጣሽው» አሏት። ኢስራ ከንፈሯን ነከሰች። የሰረቀውና የተናገረችው በአንድ ሚዛን ሲቀመጡ ይህ የመጀመሪያ አልነበረም፤ ግን ከእሳቸው አልጠበቀችውም። በሺር፣ «በቃ፣ በቃ፣ ሸይጣንን እንርገም፤ ሌላ ቀን እንቀመጣለን» እያለ ሸሁን ደግፎ ተነሳ። ሻዩ ሳይጠጣ ቀረ።

ጁነይድ ፕላኑን አንስቶ አጨማደደው፤ ወደ ቱቦው አልመለሰውም፤ ጠረጴዛው ላይ ጥሎት ወጣ። ደጃፉ ላይ ጫማውን እያጠለቀ፣ ለእናቱ እንጂ ለእህቱ አልተናገረም፤ «ከእንግዲህ ይሄን ደጅ ብረግጥ! ከሷ ጋር ኑሪ።» ረሂማ በባዶ እግሯ እስከ በሩ ተከተለችው። ሁለቴ ስሙን ጠራችው። መኪናው ሲነሳ ኢስራ ከውስጥ ሰማችው።

ረሂማ ተመልሳ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች። አንድ በአንድ አጠበቻቸው፤ የታጠበውን መልሳ አጠበችው። ልጇን አላየቻትም። ኢስራ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጣ ነገ ቢሮ እንደማይቀበሏት አሰበች፤ ከፈለጉ ሌላ ፕላን ሠሪ በአንድ ቀን ያገኛሉ፤ ወንድሟም ሌላ ፕላን ያሠራል፤ ሌላ ሽማግሌ ይፈልጋል። ንዴቷ አልበረደም ነበር። የሚቀዘቅዝ ቢሆን ኖሮ ታለቅስ ነበር፤ እንባም አልመጣላትም።

«ስንት ነው?» አለች ረሂማ፤ ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች።

«ምኑ?»

«የሚሄደው።»

እናቷ ጨርቅ እንኳ በሜትር አትገዛም። «ሦስት ክንድ» አለች ኢስራ።

ረሂማ ቀና ብላ አየቻት። «አንድ ነው ያለኝ።»

«ማን?»

«‹አንድ ክንድ ናት እማ፤ አይታወቅሽም› ነው ያለኝ። በወለዳቸው ልጆች ምሎ።»

መኝታ ቤቷ ገባች። ኢስራ ተከተለቻት። ረሂማ ሳሎኑና መኝታ ቤቱ የሚዋሰኑበት፣ የጁነይድ ድርሻ የሚያበቃበት ግድግዳ ጋ ጉልበቷን እያመማት ተንበረከከች፤ ክርኗን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ክንዷን ወለሉ ላይ ዘረጋች። አንድ። ጣቷ ያረፈበት ላይ ክርኗን አመጣች። ሁለት። ሁለተኛው ከአልጋው ሥር ገባ። ተነስታ፣ አልጋው ላይ ወጥታ፣ ፍራሹ ላይ ሦስተኛውን ዘረጋች። መሃሉን አልፎ አረፈ። እዚያው ተቀምጣ ግራና ቀኙን አየች። ከወዲያ የልብስ ሳጥኑ አለ፤ ቁም ሳጥኑ አለ፤ ትንሿ መስኮት አለች። አልጋው የሚገባበት ቦታ የለም። ለማመን ይመስል የአልጋውን እግር ይዛ ገፋችው፤ ሳጥኑ ጋ ደርሶ ቆመ።

«ደውይለት» አለች።

ኢስራ ደውላ ስፒከሩን ከፈተችው። ጁነይድ ያነሳል ብላ አላሰበችም፤ አነሳ። የሞተር ድምፅ ይሰማል፤ የሐረጎን ቁልቁለት እየወረደ ነው። ረሂማ ስልኩን ተቀብላ በሁለት እጇ ያዘችው፤ ከጆሮዋ ሳይሆን ከአፏ ፊት።

«ጁነይድ።»

«ወዬ እማ» አለ። ድምፁ ለስለስ ብሏል፤ ልትለምነው የደወለች መስሎታል።

«አልጋዬን የት ላድርገው?»

«የምን አልጋ?»

«አባትህ የሞተበትን። ለክቼዋለሁ። አይገባም። የት ላድርገው?»

ጥሩምባ ተሰማ፤ ከባድ መኪና ሲያልፍ ጆሮ የሚያደነቁር ድምፅ ተሰማ። «እማ፣ እዚህ ኔትወርኩ ጥሩ አይደለም፤ ኋላ…»

«እኔ ይሰማኛል» አለች ረሂማ። «አንተም ትሰማኛለህ። አልጋዬን የት ላድርገው?»

የሞተሩ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ረሂማ ግን ስልኩን አልዘጋችውም።